የቁም ተዝካርና የፍሎፒ ጣጣ

እናንተዬ፣ እኔን ያገኘኝ ጭንቀት ጠላቴንም አያግኘው። ማንም አልገፋኝም፤ አፌ ነው ያመጣብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔው ግን አፋፉም ላይ አልቆመም፣ እኔኑ ይዞኝ ቁልቁል ወረደ። እስካሁን ወረቀት ይዤ ሰው ፊት አልቆምም።

ነገሩ ከጋሼ ፈንታሁን ይጀምራል። ጋሼ ፈንታሁን የአክስቴ የእትዬ ዝማም ባል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ደብረ ታቦር ውስጥ በእርሳቸው አለንጋ ያልተገረፈ ሰው ካገኛችሁ፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ መሆን አለበት። ልጅ አልወለዱም። እናም ዘንድሮ «ስሞት ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል? በቁሜ አወጣዋለሁ» ብለው ተነሡ። የቁም ተዝካር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቄሱ ይጠራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ በሬው ይታረዳል፣ ዳሱ ይጣላል፤ «ሟቹ» ግን በር ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ትቆማላችሁ» እያሉ እንግዳ ያስገባሉ።

ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ጋሼ ፈንታሁን ድሮም ይበሽቃሉ። «ሰነፉን ሁሉ ታታሪ ነበር ይሉታል፤ ሟች ተነሥቶ አያርም! የኔን እኔው ጽፌዋለሁ። በቁሜ ይነበባል፤ አንባቢው ከተሳሳተ እዚያው አርመዋለሁ» አሉ። መቼም ዕድሜ ልኩን ፈተና ሲያርም የኖረ ሰው ሞቱንም ሳያርም አይሄድም።

ችግሩ የጻፉበት ነገር ነው። ድሮ ዳይሬክተር ሳሉ ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ደርሶት ነበር። ጀርባው እንደ ጎታ የወፈረ፣ በጥቁር መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበራ። ጡረታ ሲወጡ «ካረጁት ጋር ያረጀው ይሂድ» ተብሎ ለእርሳቸው ተሰጠ። የሕይወት ታሪካቸውን በእሱ ጻፉና ፍሎፒ ላይ አስቀመጡት። ፍሎፒ ለማታውቁ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ናት፤ ያኔ የቢሮ ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቷት ከሄደ የተማረ ነው ይባልለት ነበር። በወረቀት የታተመ አንድ ቅጂም ነበራቸው፤ እሱን ጣራው ሲያፈስ ዝናብ ጠጣው። እንደገና እንዳይጽፉት ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል።

«ማን ያወጣልኛል?» ብለው ሲጠይቁ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። እኔ ነገረኛው፣ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ሲቆም ገመዱን ነቅዬ መልሼ ስለምሰካ ብቻ ባለሙያ የምባል ሰው፣ «እቺማ ምን አላት፣ የደቂቃ ሥራ ናት!» አልኩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጅቡ ይሻላል፤ እኔ በሚያውቁኝ አገር ነው ያስነጠፍኩት።

ጋሼ ፈንታሁን ፍሎፒዋን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ልወጣ ስል «ና ተመለስ» አሉ። «ማል።»

«ምን ብዬ ልማል፣ ጋሼ?»

«ከእኔ ጆሮ በፊት ያንተ ዓይን እንዳያነበው። በጊዮርጊስ ማል።»

ማልኩ። ምን ላድርግ? እርሳቸው «ማል» ሲሉ ዛሬም አለንጋው ይታየኛል። ሳላነበው እንዴት አድርጌ እንደማወጣው ያሰብኩት ከማልኩ በኋላ ነው።

አጥሩ ጋ ስደርስ ደግሞ እትዬ ዝማም ነጠላዋን እያስተካከለች ጠበቀችኝ። ግራ ቀኝ አየችና እጄን ያዘችኝ።

«አንተ፣ ስሜ አለበት?»

«የቱ ላይ፣ እትዬ?»

«እዚያ ጋሼህ የጻፉት ላይ ነዋ። አየህ፣ እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን ‹ዝማም፣ እሰይ፣ ደግ አደረግሽ› ብለውኝ አያውቁም። አልከፋኝም፤ የኛ አገር ወንድ እንዲህ ነው። ልጅ ግን አልወለድኩላቸውም። ያ ሁሉ ሰው ፊት ታሪካቸው ተነቦ ስሜ ሳይነሣ ከቀረ፣ እኔ እዚያ ቤት ምን ነበርኩ? እንግዳ ነበርኩ?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ጠንከር አለች። «አይተህ ንገረኝ። ከሌለበት ከማጀት አልወጣም፤ ወጥ ሳማስል ያልቃል። ሰው ፊት ቁጭ ብዬ አልዋረድም።»

አንጀቴን በላችው። «አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። ልብ አድርጉልኝ፣ ላላይ ከማልኩ ገና ጠላው ከከንፈሬ አልደረቀም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ከገብሱ ጎታ ኋላ አወጣሁት። ሆዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበት ነበር። ልጆቿን ይዛ እስክትወጣ ጠበቅኳት፤ እሷም ሳትቸኩል እያየችኝ ወጣች። ከዚያ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በባጃጅ ጉዞ ጀመርኩ። ከጉና ተራራ የሚነፍሰው ብርድ ባጃጁን ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል፤ እኔ ደግሞ ያንን ጎታ አቅፌ «ቀስ በል፣ ቀስ በል፣ እንዳይነቃነቅ!» እላለሁ። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል። አንዲት የማውቃት ሴትዮ ባጃጁን አስቁማ «ምን አገኘው ልጁን? እግዜር ይማርልህ» አለችኝ። አይጥ ወልዳበት ነው ልበላት? «አሜን» ብዬ አለፍኩ።

የሄድኩት ወደ ሰብለ ነው። ሰብለ ከቤሩት ተመልሳ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ሱቅ የከፈተች፣ ምላስዋ ተራ የማይጠብቅ ሴት ናት። ኮምፒውተሩን ሰካነው። በራ! አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ አለ፣ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ፣ እኔ «እልል!» ልል አፌን ስከፍት ጢስ ወጣው፤ ጭል ብሎ ጠፋ። ቤቱ የተቃጠለ የአይጥ ጎጆ ሸተተ።

ሰብለ ገመዱን ነቀለችና «እግዜር ያጽናህ» አለችኝ። «ከጋሼ ፈንታሁን ጋር አብራችሁ ተዝካሩን አውጡለት።»

«ሰብልዬ፣ አትቀልጂ፤ ሙቼልሻለሁ።»

ፊቴን አየችና አዘነችልኝ መሰል፣ ጓዳ ገብታ አንድ ካርቶን ጎትታ መጣች። ቤሩት እመቤቷ ቤት ስትቀይር ልትጥለው የነበረ ኮተት ሁሉ እዚያ አለ። «ይሄ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው በሻንጣዬ የተሸከምኩት፤ የሰው አገር ዕቃ ሲጣል አላስችል ብሎኝ» አለች። ገመድ ያላት ትንሽ ሣጥን ናት። ገመዷን የሰብለ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ፍሎፒዋን ስናስገባላት ልክክ አለች፤ እየተንገራገጨችም አነበበች። ሰብለን አንገቷን አንቄ ልስማት ነበር፤ ደንበኛ ስለነበረ ተውኩት።

ደስታዬ ግን አልበረከተም። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛ የሚባል ነገር የለበትም። የፈረንጅ ፊደል ከኮከብ፣ ኮከቡ ከካሬ፣ ካሬው ከጥያቄ ምልክት ጋር ተደበላልቆ ተርመሰመሰ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የቆሙ አንድ አዛውንት አንገታቸውን አስግገው አዩና አማተቡ። «ይሄ ድግምት ነው! ከማን አገኛችሁት? ኧረ ዝጉት!»

«ድግምት አይደለም፣ አባባ» አለች ሰብለ። «የድሮው ፕሮግራም የአማርኛውን ፊደል በፈረንጅ ፊደል ላይ ደርቦ ነው የሚያስቀምጠው። ፕሮግራሙ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው ነው። ወደ ተራ ጽሑፍ መቀየር አለበት፤ ጌጡ ተገፎ፣ ፊደሉ ብቻ ተለቅሞ።» አዛውንቱ አላመኗትም፤ ፎቶ ኮፒውንም ትተው ሄዱ።

እሷ የመቀየሪያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ፈልጋ አገኘች። ሲወርድ ኔትወርኩ ይቆማል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። መብራት እንደ ዘመድ ነው እኛ ጋ፤ ሲቀር ለምን ቀረህ አይባልም፣ ሲመጣ ግን እንኳን ደህና መጣህ ይባላል። እኔ በየሰዓቱ ከቢሮ እየሾለክሁ «ወረደ?» እላታለሁ፤ እሷም «ከሰማይ ነው እንዴ የሚወርደው?» ትለኛለች። እንቅልፍ አጣሁ። ምግብ አልዋጥ አለኝ። ሚስቴ «ሌላ ነገር አለህ እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ ከስልኬ ጋር ተጣበቅሁ። በዚያ ላይ ጋሼ ፈንታሁን በየዕለቱ ይደውላሉ። «እህ?» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። እኔም «እየተሠራ ነው» እላለሁ። ተማሪ ሳለሁም የቤት ሥራዬን እንዲህ ነበር የምሠራው።

የተዝካሩ ዕለት ጠዋት መብራት መጣ። ሮጥኩ። ፕሮግራሙ ወርዶ ሰብለ መቀየር ጀምራለች። «አንድ ነገር ይጠይቃል» አለችኝ። «የሚታየውን ብቻ ላውጣ ወይስ ፋይሉ ውስጥ ያለውን በሙሉ? ይላል።»

«በሙሉ! አንዲት ፊደል ብትቀር እኔን ነው የሚገድሉኝ» አልኩ።

አማርኛ ሆኖ ወጣ! እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ፤ መሐላ አለብኛ። ማተሚያው ወረቀቱን እየተፋ ሳለ ግን እትዬ ዝማም ትዝ አለችኝ። «በጊዮርጊስ የማልኩት ላላነብ ነው፤ አንድ ዓይን ጨፍኜ አንድ ስም ብፈልግ ማንበብ አይባልም» አልኩና ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገለጥ ገለጥ አድርጌ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ስለ ቤተሰብ የሚለው እዚያ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ባለትዳር ነኝ።»

ይኸው ነው። «ባለትዳር ነኝ።» አራት ነጥብ። ከሥሩ ስማቸው፣ ከስማቸው ሥር የኮከብና የካሬ ዝርግፍ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረውን ወረቀት የፋይሉ ቆሻሻ ነው ብዬ አላየሁትም። ወሽመጤ ብጥስ አለ። ያቺን የመሰለች ሴት በሁለት ቃል! ለቀበሌ መታወቂያ እንኳ ከዚህ ይበልጣል የሚጻፈው።

ሰብለን አስከትዬ እየከነፍኩ ቤታቸው ደረስኩ። ዳሱ ጢም ብሏል። ከጉና ሥር ዘመዶቻቸው በበቅሎ መጥተዋል፤ ከጣራ ገዳም አንድ መነኩሴ ተጋብዘዋል፤ የንስሐ አባታቸው ጸሎቱን ሊጨርሱ ተቃርበዋል። እትዬ ዝማም የማጀቱን በር ገርበብ አድርጋ በዓይኗ ጠራችኝ። ጥልፍ ቀሚሷን ከውስጥ ለብሳለች፤ ከላይ ግን ሽርጥ አስራለች። ወይ ለዳሱ፣ ወይ ለማጀቱ ተዘጋጅታለች ማለት ነው።

«አለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

የለም ልል ነበር። በእግዜር ስም፣ የለም ልል ነበር። ዓይኗን አየሁት።

«አለ» አልኩ።

ሽርጧን ፈታችው። እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወጥታ ከባሏ ጎን ከፊት ተቀመጠች! እኔ ዳሱ ኋላ ዞሬ፣ በሬው ከታረደበት አጠገብ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ እስክሪብቶ አወጣሁ። ከ«ባለትዳር ነኝ» ቀጥሎ «ውድ ባለቤቴ ወይዘሮ ዝማም የሕይወቴ ጧፍ፣ የቤቴም ምሰሶ ናት» ብዬ ጨመርኩ። ለዝማም የሚበዛ አይደለም። ወረቀቱን እንደ ሌባ አጥፌ ተመለስኩ።

ጸሎቱ አለቀ። «ልጄ፣ አንብብ» አሉ ጋሼ ፈንታሁን። ሰዉ ርቦታል፤ የወጡ ሽታ ደርሶታል፤ ሁሉም እኔን እንደ ዕዳ ያየኛል።

አነበብኩ። የጋሼ ፈንታሁን ታሪክ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ሪፖርት ነው። የት ተመደቡ፣ ስንት ክፍል አሠሩ፣ ስንት ዴስክ አስጠገኑ። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቦታ ስቸኩል «እዚያ ነጠላ ሰረዝ አለ፤ ተንፍስ!» አሉኝ። ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል ማለት ነው! ይህ ሲገባኝ በር በሩን አየሁ። የጨመርኩትን ብተወው እትዬ ዝማም አለች፤ ባነበው እርሳቸው አሉ።

«…ባለትዳር ነኝ» አልኩ።

እትዬ ዝማም አገጭዋን ቀና አድርጋ ጠበቀች። ከንፈሯን ነክሳ ቀጥሎ የሚመጣውን ትጠብቃለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁበት። «ውድ ባለቤቴ ወይዘሮ ዝማም የሕይወቴ ጧፍ…»

«ቁም!» ዳሱ ተናወጠ። ጋሼ ፈንታሁን ተነሥተዋል። «እሱን እኔ አልጻፍኩም! ጧፍ? ማን ነው ሰውን ጧፍ ያለው? አንተ፣ በኔ ጽሑፍ ላይ ጨመርክ?»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ ዝማም አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ቀስ ብላ ወደ ማጀት ልትሄድ ተነሣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ዘልዬ ነበር የምገባው። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ወረቀቱን ስገለብጥ፣ ከኮከቡና ከካሬው ዝርግፍ በታች አማርኛ ታየኝ። የጋሼ ፈንታሁን አማርኛ። አፌ ላይ የመጣልኝን አነበብኩ፤

«ባለቤቴ ወይዘሮ ዝማም ጥሩ ሴት ናት።»

«እሱንም አልጻፍ…» አሉ ጋሼ ፈንታሁን፤ ቃሉን ሳይጨርሱት ቁጭ አሉ።

«ባለቤቴ ወይዘሮ ዝማም እጅግ ጥሩ ሴት ናት» ቀጠልኩ። «ባለቤቴ ዝማም ከኔ የተሻለች ሰው ናት። ዝማም ባትኖር እኔ ይህን ሁሉ አልሠራም ነበር። ጋሳይ ተመድቤ ሳስተምር ታምሜ በወደቅሁ ጊዜ፣ በቅሎ ላይ ጭና፣ እሷ በእግሯ በጭቃው እየተራመደች፣ እንዳልወድቅ ጎኔን ደግፋ እስከ ደብረ ታቦር አደረሰችኝ። ነፍሴን ያተረፈችው እሷ ናት። አንድም ቀን አላመሰገንኳትም።»

እትዬ ዝማም አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች። ዳሱ ውስጥ የሚያኝክ እንኳ የለም፤ ለነገሩ የሚታኘክም ገና አልቀረበም።

«ሰርዤዋለሁ!» አሉ ጋሼ ፈንታሁን። «እሱን ሁሉ ሰርዤዋለሁ! ከየት አመጣኸው?»

እኔ ምን አውቄ! ከኋላ ሰብለ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ያ የድሮ ፕሮግራም የተሰረዘውን አይጥልም። ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ነው የሚተወው። እኛ ያለውን ሁሉ አውጣ ስንለው አወጣው!»

መነኩሴው «ይገርማል» አሉ፤ አማተቡም። የንስሐ አባታቸው ግን ሳቃቸውን ለመደበቅ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

እትዬ ዝማም ተመለሰች። ባሏ ፊት ቆመች።

«ጻፉት ወይስ አልጻፉትም?»

«ጽፌው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰረዙት?»

ያ አገር ያንቀጠቀጠ ዳይሬክተር የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ መሬት መሬት አየ። «ሰው ይሰማል ብዬ» አሉ፤ ከፊት ያለነው ብቻ ሰማን።

እትዬ ዝማም ዳሱን ዙሪያውን አየችው። ከጉና የመጡትን፣ ቄሱን፣ ጎረቤቱን፣ አለንጋ ያረፈበትን ሁሉ።

«ይኸው ሰማ» አለች። «ምን ሆኑ?»

ጋሼ ፈንታሁን ደረታቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ምንም አልሆንኩም» አሉ፤ ለራሳቸውም የገረማቸው ይመስላል። ከዚያ ለእርሷ ቦታ ለመልቀቅ ፈቀቅ አሉ።

እሷም ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? አንብብ እንጂ፤ ገና ወረቀት አለ።»